ስለ አውሳብዮስ ዘቂሣርያ ታሪክና ስለ ወንጌል ቀመር ሥራው

ቅዱስ መጽሐፍን የሚያነብ ሰው ዘወትር የሚያስበው ስለ ቃሉ ነው እንጂ ቃሉ ስላረፈበት ገጽ አይደለም። ዳሩ ግን ቃሉ በስንት ዓምድ እንዲጻፍ፥ ኅዳጉ ምን ያህል እንዲሰፋ፥ ጥቍሩና ቀዩ ቀለም በምን በምን ላይ እንዲውል አስቀድሞ ያሰበና የደከመ ሌላ ሰው አለ። የዚህ ሰው ድካም መልካም በሆነ መጠን ከዓይን ይሰወራል፤ አንባቢው መንገዱ ስለ ቀናለት መንገዱን ማን እንደ ጠረገው አይጠይቅምና።

የቤተ ክርስቲያናችን ኢዮቤልዩ በሚታሰብበት በዚህ መጽሐፍ ስለ ሕንፃውና ስላሠሩት ሰዎች መናገር ተገቢ ነው። እኛም በሕንፃው ውስጥ ስለሚነበበው ስለ ወንጌል መጽሐፍ፥ ይልቁንም አራቱ ወንጌል ሳይቈራረጡና ሳይደባለቁ እርስ በርሳቸው እንዲመሳከሩ ገጹን ስላዘጋጀው ስለ አውሳብዮስ ዘቂሣርያ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው። ደግሞም በዚያው ዘመን የኒቆምድያው አውሳብዮስ የተባለ ሌላ ኤጲስ ቆጶስ ነበረና አንባቢ ሁለቱን እንዳያሳስት እናሳስባለን።

ስለ ትውልዱና ስለ መምህሩ

አውሳብዮስ የተወለደው በ260 ዓ.ም. ገደማ ነው። የኖረባትም ከተማ በፍልስጥኤም አገር በባሕር ዳር የነበረችው ቂሣርያ ናት። ይህች ከተማ ሐዋርያው ጴጥሮስ ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት የገባባት፥ ቅዱስ ጳውሎስም ሁለት ዓመት ታስሮ የተቀመጠባት ስለ ሆነች በግብረ ሐዋርያት የታወቀች ናት።

ከአውሳብዮስ መወለድ በፊት አርጌንስ የተባለው የእስክንድርያ ሊቅ ወደ ቂሣርያ መጥቶ ያስተምር ነበር። የአርጌንስ ስም ከትምህርቱ አንዳንዱ በኋላ ዘመን ስለ ተወገዘ በጥንቃቄ የሚነሣ ነው። ነገር ግን ስለ ብሉይ ኪዳን ንባብ የደከመው ድካም ለዚህ ታሪክ መሠረት ስለ ሆነ ልናልፈው አንችልም። እርሱ አንዱን ንባብ በስድስት ዓምድ ጐን ለጐን አጻፈ፤ ይኸውም በመጀመሪያው ዓምድ ዕብራይስጡ በራሱ ፊደል፥ በሁለተኛው ዕብራይስጡ በግሪክ ፊደል፥ በሦስተኛው የአቂላ፥ በአራተኛው የሲማኮስ፥ በአምስተኛው የሰብዓ ሊቃናት፥ በስድስተኛው የቴዎዶትዮን ትርጉም ነው። በየመስመሩም አንድ ወይም ሁለት ቃል ብቻ ስለ ነበረ፥ አንባቢው ዓይኑን ከግራ ወደ ቀኝ በማሳለፍ ብቻ ትርጉሞቹ የት እንደ ተስማሙና የት እንደ ተለያዩ ያይ ነበር።

ከአርጌንስ በኋላ መጻሕፍቱን የሰበሰበና ያስፋፋ የቤይሩት ተወላጅ የሆነው ቄስ ጳምፊሎስ ነው። ጳምፊሎስ ባለጠግነቱን ትቶ በቂሣርያ መጻሕፍት የሚገለበጡበትና የሚታረሙበት ቤት አቆመ፤ ቅዱሳት መጻሕፍትንም እየገለበጠና እያስገለበጠ ለሚሹት ሁሉ ይሰጥ ነበር። አውሳብዮስም በዚህ ቤት ተማረ። አንዱ ሲያነብ ሌላው እየተከታተለ፥ የተሳተውን ፊደል እያረመ፥ ትርጉሙን ከትርጉም እያነጻጸረ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ከመምህሩ እጅ ተቀበለ። የአገራችን ቁም ጸሐፊ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ብራና መዳመጥን፥ ቀለም መበጥበጥን፥ መስመር ማስመርን እንደሚማር፥ እርሱም የመጽሐፍን ሥራ ከሥሩ ጀምሮ ዐወቀ።

ስለ ስደቱ ዘመን

በ303 ዓ.ም. በየካቲት ወር ንጉሠ ነገሥቱ ዲዮቅልጥያኖስ አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፥ ቅዱሳት መጻሕፍትም በእሳት እንዲቃጠሉ አዋጅ አወጣ። አውሳብዮስ የጸሎት ቤቶች ከጣሪያ እስከ መሠረት ሲፈርሱና መጻሕፍት በአደባባይ ሲነድዱ በዓይኑ አየ። በ307 ዓ.ም. መምህሩ ጳምፊሎስ ተይዞ ወደ ወኅኒ ገባ፤ ከሁለት ዓመት በላይ ታስሮ ከቈየ በኋላ በ310 ዓ.ም. በየካቲት ወር ስለ ክርስቶስ አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ። አውሳብዮስም የመምህሩን ሕይወት ጻፈ፤ ከዚያም በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ የጳምፊሎስ አውሳብዮስ ተብሎ በመምህሩ ስም ተጠራ።

ይህ ነገር በኋላ ለሠራው ሥራ ምክንያት እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባል። መጻሕፍት ሲቃጠሉ ያየ፥ መጻሕፍትን የጠበቀ መምህሩም በሰይፍ ሲሞት ያየ ሰው፥ የተረፈውን መጽሐፍ እንደ ተራ ዕቃ ሊይዘው አይችልም። በወንጌል ላይ መቀስና ሙጫ ሳያኖር በኅዳጉ ብቻ መሥራቱ ከዚህ ፍርሃትና አክብሮት የወጣ ይመስለናል።

ስለ ዘመናት መጽሐፍ

አውሳብዮስ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ በ10 መጽሐፍ ጽፎ የተወልን ስለ ሆነ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ አባት ይባላል። የጥንት አባቶች ደብዳቤና የሰማዕታት ዜና በብዙው የደረሰን በእርሱ መጽሐፍ ነው። የገጽ አሠራር ብልሃቱ ግን አስቀድሞ የታየው በዘመናት መጽሐፉ ነው።

በዚያ ጊዜ እያንዳንዱ ሕዝብ ዘመኑን የሚቈጥረው በየነገሥታቱ ነበረ። የፋርስ ንጉሥ በነገሠ በዚህን ያህል ዓመት የተደረገው ነገር በግሪክ ወይም በግብፅ ወይም በአይሁድ ዘንድ መቼ እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ ድካም ይጠይቅ ነበር። ታሪክ ጸሐፊ ነገሩን በተራ ቢተርከው አንዱን መንግሥት ጨርሶ ወደ ሌላው ሲሻገር አንባቢው ይጠፋበታል። ስለዚህ አውሳብዮስ መንግሥታቱን በየዓምዳቸው ለያይቶ አጠገብ ላጠገብ አቆማቸው፤ ከአብርሃም ጀምሮ የተቈጠረውንም ዓመት በጐናቸው አኖረ፤ በዓምዶቹም መካከል የተደረገውን ነገር በአጭሩ ጻፈ። በአንድ መስመር ትይዩ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአንድ ጊዜ የሆኑ ናቸው። መንግሥታት ሲነሡ ዓምዶቹ ይበዛሉ፤ ሲወድቁም ያንሳሉ፤ በመጨረሻ ከብዙዎቹ ዓምዶች የሮም ዓምድ ብቻ ይቀራል። እንግዲህ አንባቢው የመንግሥታትን ማለፍ ከቃሉ በፊት በገጹ መልክ ያየው ነበር። እስከ 325 ዓ.ም. የደረሰው የዚህ መጽሐፍ የግሪኩ ዋና ንባብ ጠፍቷል፤ ነገር ግን ሄሮኒሞስ ወደ ላቲን የተረጐመው ንባብና የአርመን ትርጉም እስከ ዛሬ አሉ።

አራቱ ወንጌል ስላመጡት ጥያቄ

አውሳብዮስ በ313 ዓ.ም. ገደማ የቂሣርያ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። የሚያስጨንቀውም ጥያቄ በዘመኑ የነበሩ አስተማሪዎች ሁሉ ጥያቄ ነበረ። የጌታችን ሕይወትና ትምህርት አንድ ሲሆን የሚተርኩት ግን አራት ናቸው። በአንዱ ስፍራ አራቱም ይስማማሉ፤ በሌላው ሦስቱ ወይም ሁለቱ ብቻ ይናገራሉ፤ በሌላው ደግሞ አንዱ ብቻውን ይመሰክራል። ጌታችን በቤተ መቅደስ የሚነግዱትን ማስወጣቱን ዮሐንስ በመጽሐፉ መጀመሪያ ሲያኖረው ሦስቱ ወደ መጨረሻው ይተርኩታል። እንደዚህ ያለ መጽሐፍ በሌላ ሕዝብ ዘንድ አይገኝም፤ ስለዚህም እንዴት ሊጻፍና ሊነበብ እንደሚገባው የሚያስተምር ልማድ አልነበረም።

አስቀድሞ ሁለት መንገድ ተሞክሮ ነበር። በ170 ዓ.ም. ገደማ ታቲያኖስ የተባለው ሰው አራቱን ወንጌል ቈራርጦ እንደ አንድ ልብስ ሰፋቸው። መጽሐፉ ለንባብ ስለ ጣፈጠ በሶርያ አብያተ ክርስቲያናት እስከ 5ኛው መቶ ዘመን ድረስ ይነበብ ነበር፤ በዚያ ዘመንም አንድ ኤጲስ ቆጶስ በሀገረ ስብከቱ ከ200 የሚበልጡ ቅጂዎችን አንሥቶ በስፍራቸው አራቱን ወንጌል እንዳኖረ ተጽፏል። ሁለተኛውን መንገድ የጀመረ የእስክንድርያው አሞንዮስ ነው። እርሱ የማቴዎስን ወንጌል እንዳለ ጽፎ፥ ከእርሱ ጋር የሚስማማውን የሌሎቹን ቃል በጐኑ አደረገው። ይህ ለማቴዎስ መልካም ነው፤ ሦስቱ ግን ተቈራርጠው ተራቸውን አጡ፤ ከማርቆስ ወይም ከሉቃስ መጽሐፍ መጀመሪያ እስከ ፍጻሜ በተከታታይ ማንበብ የማይቻል ሆነ።

ነገሩ የገጽ ማሳመር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አራቱ ወደ አንድ ቢቀልጡ የምስክሮቹ ቍጥር ከአራት ወደ አንድ ይወርዳል። ተለያይተው ብቻ ቢቀሩ ደግሞ ተቃዋሚዎች ምስክሮቹ አይስማሙም እያሉ የሚነቅፉበት በር ይከፈታል። አውሳብዮስም ቃሉን ሳይነካ ሁለቱንም ጕዳት የሚያስቀር መንገድ ፈለገ።

ቀመሩ እንዴት እንደሚሠራ

መንገዱንም ቀርጲያኖስ ለተባለው ወንድም በጻፈው አጭር መልእክት ገልጦታል። የአሞንዮስ ድካም መነሻ እንደ ሆነው ይናገራል፤ መንገዱ ግን ሌላ እንደ ሆነ ያስረዳል። አስቀድሞ እያንዳንዱን ወንጌል በተራው እንዳለ ትቶ በክፍል በክፍል ቈጠረው፤ የማቴዎስ 355፥ የማርቆስ 233፥ የሉቃስ 342፥ የዮሐንስ 232 ክፍል ሆነ፤ ሁሉም በአንድነት 1,162 ነው። የክፍሉን ቍጥር በኅዳጉ በጥቍር ቀለም፥ ከበታቹም ሌላ ቍጥር በቀይ ቀለም እንዲጻፍ አዘዘ። ቀዩ ቍጥር አንባቢው ከዐሥሩ ቀመር ወደ የትኛው መሄድ እንዳለበት ይነግረዋል።

ከወንጌሉ በፊትም ቀኖና የተባሉ 10 ቀመሮች ይገኛሉ። አንደኛው አራቱም የሚስማሙበት ነው። ሁለተኛው ማቴዎስ፥ ማርቆስና ሉቃስ፤ ሦስተኛው ማቴዎስ፥ ሉቃስና ዮሐንስ፤ አራተኛው ማቴዎስ፥ ማርቆስና ዮሐንስ የሚስማሙበት ነው። ከአምስተኛው እስከ ዘጠነኛው ሁለት ሁለቱ የሚገናኙበት ነው። ዐሥረኛው ግን እያንዳንዱ ወንጌላዊ ብቻውን የተናገረው የሚቈጠርበት ነው። ማርቆስ፥ ሉቃስና ዮሐንስ ብቻ የሚስማሙበት፥ ወይም ማርቆስና ዮሐንስ ብቻ የሚገናኙበት ቀመር የለም።

ምሳሌ እንውሰድ። አንባቢው በማቴዎስ ወንጌል በምድረ በዳ ስለሚጮኸው ድምፅ ኢሳይያስ የተናገረው ትንቢት ከተጠቀሰበት ስፍራ ቢደርስ፥ በኅዳጉ በጥቍር 8፥ ከበታቹ በቀይ 1 ያገኛል። ወደ አንደኛው ቀመር ተመልሶ በማቴዎስ ዓምድ 8ን ቢፈልግ፥ በዚያው መስመር በማርቆስ ዓምድ 2፥ በሉቃስ 7፥ በዮሐንስ 10 ተጽፎ ያያል። ከዚያም በየወንጌሉ ኅዳግ እነዚህን ቍጥሮች ፈልጎ አራቱን ምስክርነት በየስፍራቸው ያነባል። ቃሉ ከስፍራው አልተነቀለም፤ የተንቀሳቀሰው የአንባቢው እጅ ብቻ ነው። ይህም የሚቻለው በጥቅል ሳይሆን ቅጠሉ በሚገለጥ ጥራዝ ነው፤ ጥቅል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለማመላለስ አይመችምና።

ይህ ቀመር ቍጥር ብቻ ይምሰል እንጂ ትርጓሜም አለበት። በሦስተኛው ቀመር መጀመሪያ መስመር የማቴዎስ 1፥ የሉቃስ 14፥ የዮሐንስ 1 በአንድነት ቆመዋል። የማቴዎስና የሉቃስ ክፍል የጌታችን የሥጋ ትውልድ የሚቈጠርበት ነው፤ የዮሐንስ ክፍል ግን ቃል በቅድምና መኖሩን የሚናገር ነው። ስለዚህ መስመሩን የተከተለ አንባቢ ቀዳማዊውንና ደኃራዊውን ልደት አጠገብ ላጠገብ ያገኛል። አውሳብዮስ አንድ የማብራሪያ ቃል አልጨመረም፤ ሦስት ቍጥሮችን በአንድ መስመር ብቻ አኖረ፤ አንባቢውም የቀረውን በራሱ ያስተውላል።

ዐሥረኛውም ቀመር ሊታሰብ ይገባዋል። የደጉ ሳምራዊና የጠፋው ልጅ ምሳሌ በሉቃስ፥ የቃና ሰርግም በዮሐንስ ብቻ ይገኛል። አውሳብዮስ ተባባሪ ምስክር የለውም ብሎ ብቻውን የቆመውን ቃል አላሳነሰውም፤ ራሱን የቻለ ስፍራ ሰጠው እንጂ። በእርሱ ሠንጠረዥ ውስጥ ብቻውን የሚመሰክርም ተቈጥሮ ይገኛል።

ስለ ኒቅያ ጉባኤና ስለ ድካሙ

የሰውን ታሪክ የሚጽፍ መልካሙን ብቻ ጽፎ ጕድለቱን ሊሸሽግ አይገባውም። የአርዮስ ክህደት በተነሣ ጊዜ አውሳብዮስ ከሃይማኖት አባቶች ጋር ጸንቶ አልቆመም። በ325 ዓ.ም. መጀመሪያ በአንጾኪያ የተሰበሰቡ ኤጲስ ቆጶሳት እስኪመረመር ድረስ ከአንድነታቸው አገዱት። በዚያው ዓመት በኒቅያ ጉባኤ ተገኝቶ፥ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን የሚናገረውን ቃል ካመነታ በኋላ ፈረመ፤ ለምን እንደ ፈረመም ለሀገረ ስብከቱ ሕዝብ ደብዳቤ ጻፈ። ከዚህም የባሰው በ335 ዓ.ም. በጢሮስ በተደረገው ጉባኤ ቅዱስ አትናቴዎስን ከሚቃወሙት ወገን መሆኑ ነው። አትናቴዎስ ከዚያ ጉባኤ በኋላ ከመንበሩ ተሰደደ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ነገር የሩቅ ወሬ አይደለም፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን ይኸው አትናቴዎስ ነውና።

ስለ 50ው መጻሕፍትና ስለ ሞቱ

ንጉሠ ነገሥቱ ቈስጠንጢኖስ በ331 ዓ.ም. ገደማ ለአዲሲቱ ከተማው አብያተ ክርስቲያናት 50 ቅዱሳት መጻሕፍት በመልካም ብራና፥ ለንባብ በሚመች አጻጻፍ፥ በሠለጠኑ ጸሐፍት እጅ እንዲጻፉ አውሳብዮስን አዘዘው። መጻሕፍቱንም የሚያደርሱ ሁለት የመንግሥት ሠረገሎች እንዲሰጡት ፈቀደ። ከ30 ዓመት በፊት መጻሕፍት ሲነድዱ ያየ ሰው አሁን በንጉሥ ገንዘብ መጻሕፍት አስጻፈ። በዚያው ዘመን ገደማ የአንጾኪያን መንበር ይይዝ ዘንድ ቢለመን፥ ኤጲስ ቆጶስ ከሀገረ ስብከቱ ወደ ሌላ መሄድ አይገባውም ብሎ በቂሣርያ ቀረ። በ339 ዓ.ም. ገደማም ዐረፈ።

ቀመሩ ወደ አገራችን እንደ መጣ

ከሞቱ በኋላ ቀመሩ ከግሪክ አልፎ ወደ ላቲን፥ ወደ ሱርስት፥ ወደ አርመንና ወደ ሌሎችም ቋንቋዎች ተሻገረ። ሄሮኒሞስ በ384 ዓ.ም. ገደማ በላቲኑ ወንጌል አስገባው። ዛሬ የምናውቀው የምዕራፍ አከፋፈል በ13ኛው መቶ ዘመን፥ የሐዲስ ኪዳን የቍጥር አከፋፈልም በ1551 ዓ.ም. የተደረገ ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት ከ1,000 ዓመት በላይ የወንጌል አንባቢ ወደሚፈልገው ስፍራ የሚደርሰው በአውሳብዮስ ቍጥር ነበር። ሊቃውንት በሚያሳትሙት የግሪክ ሐዲስ ኪዳን ኅዳግ እስከ ዛሬ ይገኛል።

ወንጌል ከግሪክ ወደ ግዕዝ በተመለሰ ጊዜ ለቀርጲያኖስ የተጻፈው መልእክትና ዐሥሩ ቀመር አብረው ተመለሱ። የግዕዝ አኃዝ ከግሪክ ፊደል የተወረሰ ስለ ሆነ ቍጥሩን ለማሻገር አላስቸገረም። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የብራና ወንጌሎች የዚህ ምስክር ናቸው። ቀድሞ ብዙ የውጭ አገር ሊቃውንት እነዚህ መጻሕፍት ከ1000 ዓ.ም. ወዲህ የተጻፉ ይመስላቸው ነበር፤ በኦክስፎርድ የተደረገው የብራናው ምርመራ ግን ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ መካከል እንደ ተሠሩ አሳየ። ሥዕል ካላቸውና እስከ ዛሬ ከተረፉት የዓለም ወንጌሎች እጅግ ከቀደሙት ወገን ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ቅጠሎቻቸው የአውሳብዮስ ቍጥሮች በተሣሉ ምሰሶዎች መካከል፥ በቅስት ሥር፥ ከወፎችና ከአበቦች ጋር ተሰልፈው ይታያሉ። ሠዓሊው ሠንጠረዡን እንደ ቤተ መቅደስ ደጅ አድርጎ አቆመው፤ አንባቢውም ወደ ወንጌል የሚገባው በዚህ ደጅ አልፎ ነው።

እንግዲህ አስተውሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ሃይማኖቷን የተቀበለችው በአትናቴዎስ እጅ ነው፤ የወንጌሏን ቀመር ግን አትናቴዎስን ከተቃወመው ሰው ተቀበለች። የአባቶቻችን ጸሐፍት የሰውዬውን ስሕተት አልተቀበሉም፤ ስለ ስሕተቱም ብለው ለወንጌል የሚጠቅመውን ሥራ አልጣሉም። ስንዴውንና እንክርዳዱን መለየት እንደዚህ ነው።

በዚህ በዓል የተሰበሰብን ካህናትና ምእመናን ከዚህ ታሪክ የምንማረው አለ። የአንድ ደብር ታሪክ በአንድ ሰው አፍ ብቻ አይነገርም። ሽማግሌው በአንድ መንገድ፥ መዘምራኑ በሌላ፥ ቤቱን ያሠሩት በሌላ ያስታውሱታል፤ አንዲት መበለትም ማንም ያላየውን ብቻዋን ታስታውስ ይሆናል። እነዚህን ሁሉ ቈራርጦ አንድ ለስላሳ ተረት ማድረግ ይቀላል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ዓምዱን ሰጥቶ፥ የሚስማሙበትን በመስመር አገናኝቶ፥ ብቻውን ለሚናገረውም ስፍራ መተው የበለጠ እውነትም ፍቅርም አለበት።

መጻሕፍትን በእሳትና በስደት ዘመን የጠበቀልን እግዚአብሔር ለሚመጣው ትውልድ ንጹሕ አድርገን እንድናስተላልፍ ይርዳን።

ስብሐት ለእግዚአብሔር።